የቺካና ሴቶች ጥበብ፦ ፖስተሩ፣ ግድግዳውና ኦፍሬንዳው (የቤት መሠዊያው) እንዴት ይሠራል? ለምንስ እንዲያ ተሠራ?

#1 ወንፊት

ስለ ሜክሲኮዎቹ የግድግዳ ሠዓሊዎች ስለ ሪቬራና ስለ ሲኬይሮስ እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ተጽፏል። ከድንበሩ ወዲህ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለሠሩት የሜክሲኮ ልጆች፣ በተለይም ስለ ሴቶቹ፣ አንድም ክር የለም። ቺካና የሚባሉት አሜሪካ ውስጥ ያደጉ ሜክሲኳዊ ዘር ያላቸው ሴቶች ናቸው። ድሮ መናቂያ የነበረውን ስም በ1960ዎቹ የትግል መጠሪያ አደረጉት። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ይህን ጥበብ ከሐሳቡ ብቻ ተነስቶ መተንተን ልማድ ሆኗል። እኔ ከዕቃው ብንነሳ እላለሁ። ሙዚየሙ በሩን ዘግቶባቸዋል፤ በራሱ በቺካኖው (አሜሪካ ባሉ የሜክሲኮ ልጆች የመብት) ትግል ውስጥ ደግሞ ቡድኑን የሚመሩት ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ የያዙት ማንም የማይከለክላቸውን ነው፤ ወረቀት፣ የሰፈር ግድግዳ፣ የእናት ቤት መሠዊያ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ለምን እንዲያ እንደሆነም አይገባውም።

ከፖስተር ልጀምር። አስቴር ኤርናንዴዝ በ1982 ያተመችው ሰን ማድ የሚባለው ስክሪን ፕሪንት (በተወጠረ ጨርቅ ውስጥ ቀለም እየተገፋ የሚታተም ሥራ) ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃል። ሁላችሁም የምታውቁት ሰን ሜድ የሚባል ቀይ የዘቢብ ካርቶን አለ፤ ቀይ ቆብ ያደረገች ልጅ የወይን ቅርጫት ይዛ፣ ከኋላዋ ቢጫ ፀሐይ። ኤርናንዴዝ ሌላውን እንዳለ ትታ ልጅቷን አፅም አደረገቻት፣ ሜድ (ልጃገረድ) የሚለውንም ማድ (የተቆጣ) አለችው። ከታች ደግሞ የፀረ ነፍሳት፣ የፀረ ሚት (ጥቃቅን የተክል ተባይ)፣ የፀረ አረምና የፀረ ሻጋታ መድኃኒቶች በየዓይነታቸው ተጽፈዋል። ሠዓሊዋ የሳን ዋኪን ሸለቆ የእርሻ ሠራተኞች ልጅ ናት፤ ሥራው የመጣው ያደገችበት አካባቢ ውሃ በእርሻ ኬሚካል መበከሉ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ ስክሪን ፕሪንት የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። የካርቶኑ ሥዕል ራሱ ድፍን ቀለምና ወፍራም ፊደል ነው፤ ስክሪን ፕሪንት ደግሞ ከምንም በላይ የሚያምርበት ይኸው ነው። የዘይት ሥዕል ቢሆን ኖሮ ሥዕል ይባልና ያበቃ ነበር። ታትሞ ሲወጣ ግን ማስታወቂያውን በማስታወቂያ ቋንቋ ይመታዋል።

አሠራሩን ለሚፈልግ፦ ለወረቀት ፖስተር በኢንች ከ200 እስከ 230 ክር ያለው ጨርቅ ይወጠር። 110 የቲሸርት ነው፤ ወረቀት ላይ ቀለም ያበዛና የፊደሉን ጠርዝ ያደፈርሳል። የተወጠረው ጨርቅ መጀመሪያ በቅባት ማጽጃ ይታጠብ። ጣት የነካው ቦታ ኢሙልሽን (ብርሃን ሲመታው የሚጠነክር፣ በሥዕሉ የተሸፈነው ግን ታጥቦ የሚከፈት ፈሳሽ) አይዝም፤ ውሎ አድሮ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይከፈትና ቀለም ያንጠባጥባል። ኢሙልሽኑ ከውጭ አንዴ፣ ከውስጥ አንዴ በስሱ ይቀባ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አግድም ተኝቶ፣ ወረቀቱን የሚነካው ፊት ወደ ታች ሆኖ ይድረቅ። ብርሃን የሚመታበትን ደቂቃ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ በመብራታችሁና በርቀቱ ይወሰናል። በአንድ ስክሪን ላይ በካርቶን እየሸፈናችሁ አምስት የተለያየ ጊዜ ሞክሩ። ሲታጠብ እንደ ንፍጥ ከተንሸራተተ ብርሃን አንሶታል፤ ቀጫጭኑ መስመር አልከፈት ካለ በዝቶበታል።

ሲታተም ስክሪኑ ከወረቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ስኩዊጂው (ቀለሙን የሚገፋው ባለ ጎማ መጥረጊያ) ሲያልፍ ብቻ ነክቶ ወዲያው ይላቀቅ። ከተጣበቀ ጠርዙ ይፈሳል። በውሃ የሚታጠብ አክሬሊክ ቀለም ጨርቁ ውስጥ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ከእያንዳንዱ ህትመት በኋላ ሳይጫኑ ቀለም አልብሶ ማቆየት፣ የቀለም መድረቂያ ማዘግያም እስከ 10 በመቶ መጨመር ነው። ስልክ ለማንሳት ቆም ካላችሁ ስክሪኑ አለቀለት። ፈዛዛው ቀለም ይቅደም፣ ጥቁሩ መጨረሻ ይምጣና የሌሎቹን ጠርዝ በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርብ፤ ቀለሞቹ ጥቂት ቢሳሳቱም ነጭ ክፍተት አይታይም።

#2 ብራና

ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ላክል። የብዙዎቹን ፖስተር የሚያበላሸው ወረቀቱ እንጂ ስክሪኑ አይደለም። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቢጫው ጠዋት ታትሞ ጥቁሩ ማታ ከማሞቂያ አጠገብ ከታተመ የአፅሙ ጥርስ ከከንፈሩ ይወጣል። ወረቀቱን ከፋብሪካ ማሸጊያው አውጥቶ በሚታተምበት ክፍል አንድ ቀን ማሳደር፣ ሁሉንም ቀለም በተመሳሳይ አየር ማተም ነው መፍትሔው። 100 ቅጂ የሚፈልግ 115 ወረቀት ይቁረጥ፤ በየቀለሙ ጥቂት መበላሸቱ አይቀርም።

ሌላው፣ በ1970ዎቹ ሁሉም በኢሙልሽን አልሠራም። ብዙው ስቴንስል ስስ ፊልም በምላጭ እየተቆረጠ ጨርቁ ላይ የሚለጠፍ ነበር። ድፍን ቅርጽና ስል ጠርዝ የበዛው በከፊል ከዚህ ነው፤ በምላጭ ጥላ ማለስለስ አይቻልም። ቀለሙ ደግሞ በሶልቨንት የሚቀጥን፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ጭንቅላት የሚያዞር ነበር። ፀረ ተባይን የሚቃወም ፖስተር በእንዲህ ያለ ጢስ ውስጥ ሊታተም እንደሚችል ብዙ ሰው አያነሳውም።

ደግሞም ፖስተር ሁሉ ርካሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰልፍ ሄልፕ ግራፊክስ የሚባለውን የጥበብ ማዕከል ካቋቋሙት አንዷ ሲስተር ካረን ቦካሌሮ ፍራንሲስካዊት መነኩሲት ነበረች። በ1970 በአንድ ጋራዥ ተጀምሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የባለሙያ ማተሚያ ወርክሾፕ ከፈተ። እዚያ የሚታተመው በጥሩ የጥጥ ወረቀት፣ በቁጥርና በፊርማ ነው። ለሰልፍ የሚለጠፍ ፖስተርና ለሰብሳቢ የሚሸጥ ህትመት አንድ ስክሪን ቢጋሩም ኑሯቸው ለየቅል ነው።

#3 ፍሬም

ቅር ያለኝ የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ሽያጩ ነው ማተሚያ ቤቱን ያቆመው። ቀሪው ተስማምቶኛል።

#4 ልስን

ወደ ግድግዳው እንውጣ። ጁዲ ባካ የመራችው ታላቁ የሎስ አንጀለስ ግንብ በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ ቱሁንጋ ዎሽ በሚባል የጎርፍ መውረጃ ቦይ ኮንክሪት ላይ የተሣለ ነው። ርዝመቱ 2,754 ጫማ (840 ሜትር ገደማ)፣ ቁመቱ 13 ጫማ ያህል። ከ1976 እስከ 1983 በአምስት ክረምቶች ተሠራ። ክረምት ያልኩት የትምህርት ቤት ዕረፍታቸውን ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው በእነሱ ብርድ ወቅት ነውና ያኔ ቦዩ ውሃ ይሞላል፣ ስካፎልዲንግ (የሥራ መወጣጫ) ማቆም አይታሰብም። ከ400 በላይ ወጣቶች ተካፍለዋል፤ ብዙዎቹ ከወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት የመጡ፣ ከተለያዩ ጎረምሳ ቡድኖችና ዘሮች የተውጣጡ ነበሩ።

ሥራው በብሩሽ አልተጀመረም። መጀመሪያ ታሪክ አዋቂዎች ተጠየቁ፣ በጉዳዩ ያለፉ ሰዎች ተደመጡ፣ ከዚያ ንድፉ ወጣ። ባካ በ1977 ሜክሲኮ ኩዌርናቫካ ሄዳ በሲኬይሮስ ወርክሾፕ ሠልጥናለች። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ክፍሎች ከመጀመሪያው የሚለዩት በዚህ ነው፤ ፊተኛው እንደ ተከታታይ ገጽ በየክፍሉ ይቆማል፣ ኋለኛው እየተጠማዘዘ እርስ በርሱ ይፈስሳል። የ1950ዎቹን ክፍል ተመልከቱ፤ ፈጣን መንገዱ እንደ እባብ በአንድ ቤተሰብ መሃል ተጠምጥሞ ይለያየዋል። የሜክሲኮ ሰፈሮች በአውራ ጎዳና መቆራረጣቸውን፣ ቻቬዝ ራቪን የነበሩት ነዋሪዎች ተነስተው በኋላ የቤዝቦል ስታዲየም መሠራቱን ነው የሚያሳየው።

ለሚሞክር ሰው ዋናው ነገር ግድግዳው ነው። አዲስ ኮንክሪት ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ፤ ኖራማው ባሕርይው ሳይበርድ የተቀባ ቀለም ይለጣል። አሮጌ ከሆነ በሃይ ፕሬዠር ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ነጭ ዱቄት እየወጣ ግድግዳው ጨው የሚተፋ ከሆነ ቀለም አይንካው፤ ከጀርባ ውሃ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የውሃው መግቢያ ይፈለግ። ይህን ዘልሎ ፕራይመር (መነሻ ቀለም) የደረበ ሰው ሥዕሉ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ቅርፊት ሲነሳ ያያል፤ ጥፋቱን ግን ቀለሙ ላይ ይለጥፋል።

ንድፉን ማሳደግ ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ 1 ኢንች ግድግዳው ላይ 1 ጫማ ይሁን፣ በውሃ ልክና በቱንቢ ጠመኔ በተነከረ ክር ካሬ ካሬ አድርጉት፣ ካሬዎቹን ቁጠሩ። ያልቆጠረ ቡድን አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ጀምሮ መሃል ላይ የአንድ ሰው ሁለት ግራ እጅ ይገናኛል። ቀለም ስትመርጡ ፀሐይን አስቡ፤ ርካሽ ቀይና ቢጫ መጀመሪያ ይሸሻሉ፣ የአፈር ቀለሞች፣ ጥቁርና ፍታሎ ሰማያዊ ይቆያሉ። ግንቡ ራሱ በ2011 ሙሉ ዕድሳት ተደርጎለታል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የካሊፎርኒያ ፀሐይ መጥቶበት ነበርና።

#5 ስካፎልድ

ልስን፣ ባካን ብቻ ስትጠራ ሳን ፍራንሲስኮ ትቀየማለች! ሚሽን ሰፈር ውስጥ ፓትሪሺያ ሮድሪጌዝ፣ ግራሲዬላ ካሪዮ፣ ኮንሱዌሎ ሜንዴዝና ኢሬኔ ፔሬዝ ሙሔሬስ ሙራሊስታስ የሚባለውን ቡድን አቁመው በ1974 ላቲኖአሜሪካ እና ፓራ ኤል ሜርካዶ የተባሉትን ትልልቅ ግድግዳዎች ሣሉ። ሁለተኛው በአንድ የታኮ ቤት አጥር ላይ ነበር፤ በአካባቢው የሃምበርገር ሰንሰለት ቅርንጫፍ ሊከፈት ሲል የሰፈሩን ገበያ፣ ፍራፍሬና በቆሎ የሚያሳይ ሆኖ ተሣለ። ጠብመንጃና የተጨበጠ ቡጢ ከሚበዛበት የወንዶቹ ሥራ ጎን ሲቆም ለስላሳ ነው ብለው የተቹት ነበሩ። ለስላሳነቱ ግን ታስቦበት ነው፤ ሰፈሩ የሚበላውንና የሚያመርተውን በሁለት ፎቅ ቁመት መሣል በራሱ ክርክር ነው።

ሴቶች ስካፎልዲንግ ላይ አይችሉም በሚባልበት ጊዜ ራሳቸው አቁመው፣ ራሳቸው ወጥተው ሠሩ። አሠራራቸውም ለየት ይላል። አንድ አለቃ ንድፍ አውጥቶ ሌሎቹ የሚሞሉበት አልነበረም፤ እያንዳንዷ ምስሏን ይዛ ትመጣለች፣ ከዚያ አብረው ያጋጥማሉ። ችግሩ መጋጠሚያው ነው፤ የአንዷ አድማስ ከሌላዋ አድማስ አይገጥምም። በዛፍ፣ በተራራ ወይም በበቆሎ ማሳ ነው የሚሰፉት። ሁለቱም ግድግዳዎች ዛሬ የሉም፤ በፎቶ ብቻ ነው የምናውቃቸው።

#6 ውል

«የሉም» የምትለዋ ላይ ልቁም፤ የዚህ ጥበብ ታሪክ ግማሹ እሷ ናት።

ባርባራ ካራስኮ በ1981 ለሎስ አንጀለስ 200ኛ ዓመት የከተማው መልሶ ልማት ኤጀንሲ አዝዟት የከተማዋን ታሪክ በአንዲት ሴት በተጎነጎነ ፀጉር ውስጥ ሣለች። 51 ትዕይንቶች አሉት። ኤጀንሲው 14ቱን አውጪ አላት፤ የጃፓን ተወላጆች መታሰራቸው ያለበትን ጨምሮ። እምቢ አለች፤ ሥራውም ሳይሰቀል ቀረ። ከትዕይንቶቹ አንዱ ሲኬይሮስ በ1932 ኦልቬራ ጎዳና ላይ የሣለው ግድግዳ በነጭ ቀለም ሲሸፈን ነው። እንዲያ ያለውን ታሪክ የሣለችው ሥራ ራሱ ሊሸፈን ደረሰ።

ያዳነው የተሠራበት መንገድ ነው። ግድግዳ ላይ ሳይሆን በ43 ተንቀሳቃሽ ፓነሎች ላይ ስለተሣለ ተሰብስቦ መጋዘን ገባ። በ2020 የሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገዛው፤ በ2024 መጨረሻ በተከፈተው አዲስ ክንፉ ውስጥ ተሰቅሏል። በተቃራኒው ባካ በ1984 ለሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን በአንድ ፈጣን መንገድ ግድግዳ ላይ የሣለችው ሂቲንግ ዘ ዎል በ2019 ቀለም ተቀብቶበት ተሸፈነ።

ስለዚህ የሚሥል ሰው ጥቂት ነገር ይወቅ። በካሊፎርኒያ ከ1979፣ በመላ አሜሪካ ከ1990 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ሥዕሉ ሳይጎዳ ሊነሳ የሚችል ከሆነ የሕንጻው ባለቤት ከማጥፋቱ በፊት ለሠዓሊዋ በጽሑፍ ማሳወቅና 90 ቀን መስጠት አለበት። ነገር ግን ውል ላይ መብቷን ትታ ከፈረመች ሕጉ አያድናትም፤ ብዙ የውል ቅጾች ያቺን አንቀጽ መሃል ላይ ይከታሉ። አድራሻዋ ተቀይሮ ካልተመዘገበም ማስታወቂያው ወደ ባዶ ቤት ይሄዳል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ከ2002 እስከ 2013 በግል ሕንጻ ላይ አዲስ የግድግዳ ሥዕል መሣል ጭራሽ ክልክል ነበር፤ አሁን ተመዝግቦ ይፈቀዳል።

#7 ልስን

ተስማምቻለሁ። ዛሬ ብዙዎች በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከመሣል ይልቅ ስስ ያልተሸመነ የፖሊስተር ጨርቅ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርተው በአክሬሊክ ጄል ይለጥፉታል። ጄሉ ግድግዳውም ጨርቁም ላይ ይቀባ፣ ከመሃል ወደ ዳር በሮለር ይገፋ። ደረቅ የቀረ ቦታ ካለ በመጀመሪያው ሙቀት ያብጣል።

ሥዕሉን በስፕሬይ ከሚሞነጭር ሰው የሚጠብቅ ቅብ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። ሰም የሚመስለው በሙቅ ውሃ ተነስቶ እንደገና ይቀባል። ፖሊዩሬታኑ ጠንካራ ነው፤ ግን ግድግዳው እርጥበት ካለው ከሥሩ ይታፈናል፣ እንደ ሞራ ይነጣል፣ ሲነሳም ሥዕሉን ይዞ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሰሙን እመርጣለሁ።

#8 ሥዕለ አድኅኖ

እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ የጓዳሉፔዋን እመቤታችንን (ሜክሲኮ ውስጥ የምትከበረውን የማርያም ሥዕል) እንደፈለጉ አድርገው ሥለዋል። ኤርናንዴዝ በ1975 በካራቴ ልብስ ስትራገጥ፤ ሌላዋ በስኒከር ስትሮጥ። እኛ ቤት ሥዕል በሥርዓት ይሣላል፣ በሥርዓት ይከበራል። ይህ ጥበብ ነው ሲባል ለመቀበል ይከብዳል፤ ሳይሳደብ የሚያስረዳኝ ካለ።

#9 ብራና

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሜክሲኮ ካቶሊኮችም ብዙዎች የሚጠይቁት ነው። በ2001 ሳንታፌ ባለው ዓለም አቀፍ የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም የአልማ ሎፔዝ አወር ሌዲ በተሰቀለ ጊዜ፣ የጽጌረዳ አበባ ብቻ የለበሰች ሴት በእመቤታችን ቦታ ቆማ ስለታየች፣ ሊቀ ጳጳሱ ሳይቀሩ ተቃወሙ። ሥራው አልወረደም፤ ኤግዚቢሽኑ ግን ከተባለው ቀን ቀድሞ ተዘጋ።

እነዚህ ሥራዎች ለጸሎት የተሣሉ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመስቀልም አልታሰቡም። በአንተ አነጋገር ሥዕለ አድኅኖ አይደሉም። የጓዳሉፔዋ ምስል ደግሞ ከቤተ መቅደስ ውጭ ረጅም ታሪክ አላት፤ የሜክሲኮው ቄስ ኢዳልጎ በ1810 ለነጻነት ሲነሳ በሰንደቁ ላይ ያደረጋት እሷን ነው፣ በ1966 የእርሻ ሠራተኞች ከዴላኖ ወደ ሳክራሜንቶ በእግር ሲጓዙም ከፊት የተሸከሟት እሷን ነው። ሠዓሊዎቹ ያንን ወረሱ።

የዮላንዳ ሎፔዝን የ1978 ሦስት ሥዕሎች አብረህ ተመልከታቸው፤ አንዷን ነጥለህ ካየሃት ትሳሳታለህ። በወረቀት ላይ በዘይት ፓስቴል የተሠሩ ናቸው። በአንዱ ራሷ እባቡን በእጇ ይዛ ትሮጣለች። በሁለተኛው እናቷ በስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ የእመቤታችንን ባለ ኮከብ ካባ ትሰፋለች። በሦስተኛው አያቷ ተቀምጣ የተገፈፈ እባብና ቢላ ይዛለች። ጨረሩና ካባው በሦስቱም አለ። የምትከራከረው ከእመቤታችን ጋር አይደለም፤ አጎንብሳ የምትሰፋ እናት ያ ብርሃን አይገባትም ወይ ነው ጥያቄዋ። አለመቀበል መብትህ ነው።

#10 ሥዕለ አድኅኖ

እናትየዋን አላየኋትም ነበር። የሳንታፌውን አሁንም አልቀበልም። ስለ ማብራሪያው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

#11 ጥልፍ

ኦፍሬንዳው ተረሳ። በሙታን ቀን፣ ኖቬምበር 1 እና 2፣ ለሞተ ቤተሰብ የሚዘጋጅ የቤት መሠዊያ ነው፤ ከማንም በላይ የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። አማሊያ ሜሳ ቤይንስ ይህን ከጓዳ አውጥታ ሙዚየም ውስጥ አቆመችው። በ1984 ሠርታ በ1991 ያደሰችው የተዋናይት ዶሎሬስ ዴል ሪዮ ኦፍሬንዳ ዛሬ ዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ዳንቴል፣ መስታወት፣ ፎቶ፣ የደረቀ አበባ፤ ሁሉም ከሴት ኮሞዲኖ የተነሳ የሚመስል። በእጅ ባለው ነገር አብልጦና አድምቆ የመሥራት ልማድ በቺካኖዎቹ ዘንድ ራስኳቼ ይባላል፤ እሷ ደግሞ የሴቶቹን፣ የቤት ውስጡን፣ ለይታ ዶሜስቲካና አለችው።

መደቡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሦስት ደረጃ ይበቃል፤ የላይኛው ፎቶው፣ መካከለኛው ምግቡና ዳቦው፣ የታችኛው ውሃ፣ ጨውና ሻማ። ደረጃው የሳጥን ክምር ከሆነ ጨርቅ ከማልበሳችሁ በፊት ሳጥኖቹን እርስ በርስ እሰሯቸው፤ ዳንቴል ያንሸራትታል። ሴምፓሱቺል የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ለኤግዚቢሽን ከሆነ ቀድሞ ተገልብጦ የደረቀ ይሁን። ሻማ ለጌጥ ከሚሰቀለው የተቆራረጠ ወረቀት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ። በሙዚየም ግን እውነተኛ እሳት አይፈቀድም፤ ምግቡም ነፍሳት ይጠራልና በሰው ሠራሽ ይተካል። ተዋናይቷ ታዋቂ ስለሆነች ብቻ የተሠራ የሚመስለው ካለ ፎቶዎቹን ጠጋ ብሎ ይይ፤ ሆሊውድና ሜክሲኮ ለሁለት የተካፈሏት ሴት ናት።

#12 ስካፎልድ

ሎስ አንጀለስ ላላችሁ፦ ፌርፋክስ ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ጥቂት ብትሄዱ የካውንቲው የጥበብ ሙዚየም ነው፤ በ2023 እና 2024 የባካ ቡድን የግንቡን አዲስ ክፍሎች እዚያው ጎብኚ ፊት ይሥል ነበር። ዋናው ግንብ ግን ኮልድዎተር ካንየን ጎዳና ዳር፣ በበርባንክና በኦክስናርድ መካከል ነው። ክፍያ የለውም፤ ቦዩ ታጥሯልና ከማዶው የእግር መንገድ ሆናችሁ ተመልከቱ።

#13 ፍሬም

ጥልፍ፣ የሚሰቀለው የተቆራረጠ ወረቀትስ? አንድ በአንድ ነው የሚቆረጠው?

#14 ጥልፍ

አይደለም። ለገበያ የሚሠሩት ስስ ባለ ቀለም ወረቀት እስከ 50 ደርበው፣ ከላይ ንድፉን አድርገው በመዶሻና በትንንሽ መሮ ይመቱታል። እንደ ካርመን ሎማስ ጋርሳ ያሉ ሠዓሊዎች ግን አንድ ወረቀት በምላጭ ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ሰው፣ ቁልቋል፣ የቤት ውስጥ ትዕይንት ሁሉ ይገባበታል።

በቤት ለሚሞክር ከአምስት እስከ ስምንት ወረቀት ይበቃል። ዳር ዳሩን በስቴፕለር ያዙት፣ ከሥሩ መቁረጫ ምንጣፍ ይሁን። ከመሃል ወደ ዳር፣ ከትንሹ ቀዳዳ ወደ ትልቁ ቁረጡ፤ ትልቁ ቀድሞ ከወጣ ወረቀቱ ይላላና ትንሹን ሲቆርጡ ይቀደዳል። እያንዳንዱ ቅርጽ ቢያንስ በሁለት ቦታ ከጎረቤቱ የተያያዘ ይሁን፣ ማያያዣውም ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ። ዓይን ስትቆርጡ ብሌኑ የሚይዘው ነገር ካልተወለት ወድቆ ይቀራል። ምላጩ መጎተት ሲጀምር ወዲያው ቀይሩ፤ የታችኞቹ ወረቀቶች የሚቦጫጨቁት በደነዘ ምላጭ ነው። ከላይ ለክሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉና አጥፋችሁ በስስ ማጣበቂያ ለጥፉ። ውሃማ ሙጫ አትጠቀሙ፣ የወረቀቱን ቀለም ያስለቅቃል።